ለሥዕል ወይስ ለፎቶ? ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት ደረጃ በደረጃ

«ለግራፊክስ የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። አንዷ የልጆች መጽሐፍ በሥዕል ማስጌጥ ትፈልጋለች። አንዱ የሠርግና የክርስትና ፎቶ ያነሳል። ሌላው የአያቱን የጉርድ ፎቶ አሳድጎ ሳሎን ሊሰቅል ነው። ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ ያው «ፎቶሾፕ ተማር» ነው። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኮፒ በፍላሽ ይመጣል፣ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፣ ሥዕል ልትሥል የተነሳችው ልጅ የፊት ቆዳ ማለስለስ ስትለማመድ ትከርማለች።

የሥዕል ሶፍትዌርና የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ላየር አላቸው፣ ሁለቱም ብሩሽ አላቸው፣ ሁለቱም ጄፔግ ይከፍታሉ። የተሠሩበት ዓላማ ግን ይለያያል፤ ልዩነቱም ጎልቶ የሚወጣው ሥራ መሐል ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይሂዱባቸው። የሶፍትዌር ስም የሚመረጠው ሰባተኛው ላይ ነው፤ እስከዚያ ምንም አያውርዱ።

1. ሥራዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ወረቀት ያውጡና ደጋግመው የሚሠሩትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። «ቅዳሜና እሑድ ያነሳሁትን የሠርግ ፎቶ አስተካክዬ አስረክባለሁ»፤ «ለተረት መጽሐፍ የየገጹን ሥዕል እሠራለሁ»፤ «ለሱቄ የቴሌግራም ቻናል የልብስ ፎቶ አዘጋጃለሁ»። እንዲህ ግልጽ ይሁን። «ግራፊክስ እሠራለሁ» የሚለው ለውሳኔ አይረዳም፤ ምን እንደሚነኩና ምን እንደሚያስረክቡ አይናገርምና።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ለዛሬው ሥራ ሳይሆን «አንድ ቀን እሠራው ይሆናል» ለሚሉት ሥራ መምረጥ ነው። በዓመት አንዴ ለሚያጋጥም ነገር ብለው ከባድና ውድ ሶፍትዌር አይሸከሙ።

ዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ሎጎ፣ ማኅተም ወይም የቢዝነስ ካርድ ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ከሚያወራቸው ሁለት ዓይነቶች አንዱም ዋና መሣሪያዎ አይደለም። ሎጎ በቬክተር ነው የሚሠራው፤ ብዕር ላይም ታተመ የሕንፃ ግድግዳ ላይ ጠርዙ አይሸራረፍም። ለዚያ በነጻ የሚገኘው ኢንክስኬፕ ወይም የሚከፈልበት ኢለስትሬተር አለ። ሎጎ በፎቶ ሶፍትዌር ሠርተው ያስረከቡ ሰዎች ደንበኛው ባነር ሊያሳትም ሲሄድ ሥራውን እንደገና ከዜሮ ለመጀመር ይገደዳሉ።

2. ከምን እንደሚነሱ ይለዩ

ምርጫውን የሚወስነው ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ፋይሉን ሲከፍቱ ፊትዎ ያለው ባዶ ገጽ ነው ወይስ ቀድሞ የተነሳ ምስል?

የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ምስሉ አስቀድሞ አለ ብሎ ይነሳል። ብርሃኑን ካሜራው ይዞታል፤ የቀረው የጨለመውን ማውጣት፣ የበዛውን ማብረድ፣ የተዛባ ቀለም መመለስ፣ የማይፈለገውን መሰረዝ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ያለው ኤክስፖዠር፣ ከርቭ፣ ዋይት ባላንስ፣ ማስክ፣ ሂል፣ ክሎን በሚባሉት መሣሪያዎች ላይ ነው። አንድ ፎቶ ላይ ያደረጉትን ማስተካከያ በሌሎች መቶ ፎቶዎች ላይ በአንድ ጊዜ መድገም መቻሉም ከዚሁ ይመነጫል፤ የሠርግ ፎቶ የሚሠራ ሰው ሌሊቱን የሚያድነው ይኼ ነው።

የሥዕል ሶፍትዌር ደግሞ ምንም የለም ብሎ ይነሳል። የሚጨነቀው ለእጅዎ ነው። ብዕሩን ምን ያህል እንደተጫኑት፣ በምን ማዕዘን እንዳጋደሉት፣ ቀለሙ ከታች ካለው ቀለም ጋር እንዴት እንደሚዋሃድ ይከታተላል። ክሪታን የመሰለ ሶፍትዌር ላይ ስታብላይዘር የሚባለውን ሲያበሩ እጅዎ ቢንቀጠቀጥም መስመሩ ለስልሶ ይወጣል። ገጹን በአንድ ቁልፍ እንደ መስታወት ገልብጦ ማየት ይቻላል፤ አንዱ ዓይን ከሌላው ከፍ ብሎ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ፎቶ ለሚያስተካክል ሰው ይህ ሁሉ ብዙም አይጠቅመውም።

«ፎቶሾፕ ግን ሁለቱንም ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ብሩሾቹም ጥሩ ናቸው፤ በእሱ ብቻ የሚሥሉ ታላላቅ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን እየሣለ ብቻ የሚኖር ሰው የማይነካቸውን መሣሪያዎች ዋጋ በየወሩ መክፈሉ፣ ጀማሪም በማይፈልጋቸው ሜኑዎች መሐል መንከራተቱ አስፈላጊ አይመስለኝም። ጊምፕም በብዕር መሣል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከክሪታ አጠገብ ሲያስቀምጡት የብሩሽ ምርጫው ጠባብ፣ የቀለም ውሕደቱም ደካማ ነው። በተቃራኒው ክሪታ ላይ ፎቶ ከፍቶ ከርቭ ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን አራት መቶ የሠርግ ፎቶ እዚያ ላይ ለመሥራት መሞከር ከንቱ ልፋት ነው።

መሐል ላይ የሚወድቅ አንድ ሥራ አለ፤ «ፎቶዬን ወደ ሥዕል ቀይርልኝ» የሚለው ትእዛዝ። ይህን በፎቶ ሶፍትዌር ፊልተር ለመጨረስ የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። የተለመደው ፊልተር ግን ዓይንን ከግድግዳ ለይቶ አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል ያድበሰብሰዋል። ደንበኛው የሚከፍለው ለፊቱ ስሜት ከሆነ ሥራው የእጅ ሥራ ነው፦ ፎቶውን በሥዕል ሶፍትዌር ውስጥ ታችኛው ላየር ላይ አድርገው፣ አደብዝዘው፣ ከላዩ አዲስ ላየር ከፍተው ይሣሉ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚበዛብዎ ከሆነ ምርጫዎ የሥዕል ሶፍትዌር ነው፤ የሚነሱት ከፎቶ ቢሆንም እንኳ።

3. ኮምፒውተርዎን፣ ብዕርዎንና ስክሪንዎን ይመርምሩ

በመጀመሪያ ራሙን ይዩ። አንድ ኤ4 ገጽ ለኅትመት በሚሆን ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ፒክስል ሲከፈት፣ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ይህ ወደ 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ሙሉ ላየር በተለመደው 8 ቢት ወደ 35 ሜጋባይት ራም ይይዛል። ሠላሳ ላየር ቢኖርዎ አንድ ጊጋባይት ገደማ ሄደ ማለት ነው፤ ወደ 16 ቢት ሲቀይሩት እጥፍ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ለኋሊት መመለሻ የሚያስቀምጠው ገና አልተቆጠረም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስና ብራውዘሩ የድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ፣ ብሩሹ ከእጅዎ ኋላ እየቀረ ሲጎተት የሚያዩት ለዚህ ነው። 8 ጊጋባይት በቂ መነሻ ነው። ከዚያ በታች ካለዎት ብራውዘሩን ዘግተው፣ ያለቁ ላየሮችን እያዋሃዱ ይሥሩ።

ቀጥሎ እጅዎ የሚይዘውን ይዩ። ማውስ የግፊት ስሜት የለውም፤ ቢጫኑትም ቢያቀሉትም መስመሩ አንድ ነው። ፎቶ ለማስተካከል ማውስ ይበቃል። ለሥዕል ግን የግራፊክስ ታብሌት ያስፈልግዎታል። ዋኮም፣ ሁዮን፣ ኤክስፒ ፔን የሚባሉት በብዛት ይገኛሉ፤ በርካቶቹ 8192 የግፊት ደረጃ አላቸው፤ ከዚያ በላይ ለሚል ማስታወቂያ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ፣ እጅ አይለየውም። ስክሪን የሌለው ትንሹ ዓይነት ለመጀመር በቂ ነው። መጀመሪያ ላይ እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ስክሪን ላይ መሆኑ ግራ ያጋባል፤ እየቆየ ይለመዳል።

ታብሌቱን ሰክተው ብዕሩ ጠቋሚውን እያንቀሳቀሰ ግፊት ግን የማይሰማ ከሆነ ዕቃው ተበላሽቷል ብለው ለመመለስ አይሩጡ። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ፣ ከዚያ በሶፍትዌሩ የታብሌት ማስተካከያ ውስጥ ዊንታብ ከሚለው ወደ ዊንዶውስ ኢንክ ወይም በተቃራኒው ቀይረው እንደገና ያስነሱት። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በዚህ ይፈታል።

ስክሪኑ ደግሞ ለፎቶ ሠራተኛ ከሁሉ ይበልጣል። ላፕቶፑን ትንሽ ወደ ኋላ ሲያጋድሉት ቀለሙ የሚለወጥ ከሆነ በዚያ ስክሪን ላይ የቆዳ ቀለም መወሰን አይቻልም። አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ከጎንም ሲያዩት ቀለሙን ይጠብቃል። ማታ የስክሪኑን ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰውን ማስተካከያ ያጥፉ፤ ሳያጠፉት ያስተካከሉት ፎቶ ጠዋት ሲያዩት ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። ብርሃኑንም እስከ ጣሪያው አድርገው አይሥሩ፤ ስክሪኑ ላይ ያበራው ፎቶ ሲታተም ጠቁሮ ይወጣል። ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ምክሬ ይህ ነው፦ የምትሥሉ ብዕር ላይ፣ ፎቶ የምታስተካክሉ ስክሪን ላይ አውጡት።

ያለዎት ስልክ ብቻ ከሆነም መንገድ አለ፤ ሰባተኛው ደረጃ ላይ እንመጣበታለን።

4. ሥራው መጨረሻ የት እንደሚያርፍ ይወቁ

ለስልክ ስክሪን የሚሠራ ምስልና ለማተሚያ ቤት የሚሄድ ምስል አንድ አይደሉም። ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ኤስአርጂቢ የሚባለው የቀለም ዓይነት ነው የሚሠራው። ለኦፍሴት ኅትመት ደግሞ ሲኤምዋይኬ ይጠየቃሉ። ስክሪን ላይ የሚያበራው የጥበብ አረንጓዴና ሰማያዊ በቀለም ሲታተም ይደበዝዛል፤ ይህ የአታሚው ጥፋት አይደለም፣ ቀለሙ በወረቀት ላይ የሚደርስበት ወሰን ነው። ክሪታ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ መሥራት ይችላል። ጊምፕ ሥራውን የሚሠራው በአርጂቢ ሲሆን፣ ባለ 3.0 ስሪቱ ሲያወጡት ወደ ሲኤምዋይኬ ይለውጥልዎታል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ለማተሚያ ቤቱ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መጠኑን በሴንቲሜትር፣ የቀለም ዓይነቱን፣ የፋይሉን ዓይነት። ብዙ ዲጂታል አታሚዎች አርጂቢ ቢቀበሉም ሳይጠይቁ አይገምቱ።

የመጠኑ ነገር በተለይ ለጉርድ ፎቶ ይታሰብበት። ለተዝካር ወይም ለመታሰቢያ አንድ ያረጀ የጉርድ ፎቶ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። ፎቶው 3 በ4 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በኢንች 300 ፒክስል ስካን ቢያደርጉት ረጅሙ ጎን 470 ፒክስል ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ኤ4 ላይ ለማተም 3508 ያስፈልጋል። በ2400 ስካን ሲያደርጉት ግን ወደ 3780 ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ፎቶው ራሱ ያልያዘውን ነገር ስካነር አይጨምርም፤ የወረቀቱ ቅንጣት ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ሆኖም ጭረትና ስንጥቅ ለመጠገን ሰፊ ቦታ ያገኛሉ። በስልክ ካሜራ አንስተው ማሳደግ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ከተገደዱ የመስኮት ብርሃን ካለበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገው ያንሱ።

ትልቅ ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በእውነተኛው መጠኑ በኢንች ከ72 እስከ 150 ፒክስል ይበቃዋል። ለባነር 300 አድርገው ኮምፒውተራቸውን የሚያስጨንቁ ሰዎች ትርፋቸው ድካም ነው።

5. የአማርኛ ጽሑፍ ይፈትኑ

ሥራዎ ላይ የፊደል ጽሑፍ የሚገባበት ከሆነ ይህን ደረጃ አይዝለሉ። ሰባተኛው ደረጃ ላይ መርጠው የጫኑትን ሶፍትዌር ከመውደድዎ በፊት የጽሑፍ መሣሪያውን ከፍተው «ቋንቋ፣ ጓደኛ፣ ፏፏቴ፣ ጧፍ፤ ፳፻፲፰ ዓ.ም.።» ብለው ይጻፉ። ሳጥን ሳጥን ከወጣ ፊደሉን የያዘ ፎንት አልተመረጠም ማለት ነው። በነጻ ከሚገኙት ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ጥሩ ናቸው።

የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ አሠራር የተሠሩ ናቸው። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የላቲን ምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። ስለዚህ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ለአታሚ ሲልኩም የጽሑፉን ላየር ወደ ምስል ቀይረው አንድ ኮፒ ያስቀምጡ፣ የሚታረመውን ኮፒ ግን እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ። ሁለቱም የሶፍትዌር ዓይነቶች ረጅም ጽሑፍ ለመደርደር አይመቹም፤ ክሪታ በተለይ በዚህ በኩል ደካማ ነው። ሥዕሉን ሥለው ጽሑፉን በኢንክስኬፕ ወይም በገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ ቢያስገቡ ይሻላል።

6. ክፍያውን አስቀድመው ያስሉ

ፎቶሾፕና ላይትሩም በየጊዜው የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። አገር ቤት ያለ ጀማሪ ይህን ካርድ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር ላሉ አንባቢዎች ካርዱ ባያስቸግርም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በየወሩ እየተከፈለ ውሉ ግን የዓመት የሆነው ዓይነት መሐል ላይ ሲያቋርጡት የማቋረጫ ክፍያ አለው። ከመፈረምዎ በፊት ውሉን ያንብቡ።

በፍላሽ የሚዞረውን የተሰበረ ኮፒ አይጫኑ። ቁልፉን የሚሰብረው ፕሮግራም ራሱ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ብሎ ሲጀምር ምክንያቱ ሌላ አይደለም። የደንበኛ የሠርግ ፎቶ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን አደጋ መጋበዝ አይገባም። በነጻና በሕጋዊ መንገድ የሚገኙት ሶፍትዌሮች ዛሬ ለሙያ ሥራ የሚበቁ ስለሆኑ ሰበብም የለንም።

7. አሁን ስም ይምረጡ

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ስለ ሥዕል የሚያወራ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ላላቸው የመጀመሪያ ምክሬ ክሪታ ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ከራሱ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። አይፓድና የአፕል ብዕር ላለው ፕሮክሪየት አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ስለሆነ ጥሩ ግዥ ነው፤ በአንድሮይድና በዊንዶውስ ግን የለም፣ አይፈልጉት። ኮሚክ የሚሠሩ ክሊፕ ስቱዲዮን ይዩት። ስልክ ብቻ ላላቸው አይቢስ ፔይንት አለ፤ ነጻው ስሪት ማስታወቂያ ቢያበዛም ላየሩና ብሩሹ ቁም ነገር ያሠራል።

ዓረፍተ ነገርዎ ስለ ፎቶ ከሆነ ሥራዎን ለሁለት ይክፈሉት። ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ የሚያስተካክሉ ከሆነ፣ በተለይ ራው በሚባለው ያልተቀነባበረ የካሜራ ፋይል የሚያነሱ ከሆነ፣ ዳርክቴብል ወይም ሮቴራፒ በነጻ ያገኛሉ፤ ከሚከፈልባቸው ደግሞ ላይትሩም። አንድን ፎቶ ተቀምጠው የሚጠግኑ፣ ሰው የሚያወጡ፣ ጀርባ የሚቀይሩ ከሆነ ጊምፕ ወይም ፎቶሾፕ። አፊኒቲም እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ወዲህ በነጻ የሚሰጥ ስለሆነ ዊንዶውስ ወይም ማክ ያለው ሰው ሊያየው ይገባል፤ የካንቫ አካውንት ይጠይቃል። በስልክ ስናፕሲድ ነጻ ነው፣ ዲኤንጂ የተባለውን ራው ፋይልም ይከፍታል፤ ለሱቅ የዕቃ ፎቶ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ሁለቱንም በእኩል የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እነሱ ሁለት ነጻ ሶፍትዌር ጎን ለጎን ይጫኑ፤ ፋይሉን የፎቶሾፕ ፋይል ዓይነት በሆነው በፒኤስዲ ወይም ላየር በማያስፈልግበት ጊዜ በቲፍ ያዛውሩ። በፒኤስዲ ሲያዛውሩ አንዳንድ የማስተካከያ ላየሮች ሊጠፉ ስለሚችሉ ዋናውን ፋይል አይሰርዙ።

8. በአንድ እውነተኛ ሥራ ይፈትኑት

የመረጡት ሶፍትዌር ይሁን አይሁን የሚለየው በማስተማሪያ ቪዲዮ ሳይሆን በራስዎ ሥራ ነው።

ለፎቶ የምትመርጡ፣ ከባዱን ፎቶ አውጡ፦ እኩለ ቀን ላይ ከቤት ውጭ የተነሳች፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ። ቀሚሱ ነጥቶ ጠፍቷል፣ ፊቷ ጨልሟል። ራው ከሆነ ካሜራው 12 ወይም 14 ቢት ይዟል፤ በየቀለሙ ቢያንስ 4096 ደረጃ አለ። ጄፔግ ያለው 256 ብቻ ነው። ፋይሉን ከፍታችሁ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ሂስቶግራም እዩ፤ ቀኝ ጠርዙ ላይ ተደርምሶ ከቆመ ነጩ ሳያልፍ አልቀረም። መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን ዝቅ አድርጉና ቀሚሱ ላይ መቶ በመቶ አጉሉት። የክሩ ድርና ማግ ከታየ ፋይሉ ተርፏል፤ ወጥ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ያ ቦታ ላይ መረጃ የለም፣ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ከዚያ ፊቷ ላይ ማስክ ሠርታችሁ ጥላውን ብቻ ከፍ አድርጉ፤ የማስኩን ጠርዝ አለስልሱት፣ አለበለዚያ ፊቷ የተለጠፈ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት እላለሁ። ጥላ ማቅለል ሌላ ነው፣ ቆዳ ማንጣት ሌላ። የሠርግ አልበሞቻችን ውስጥ ሙሽራዋ ከእናቷና ከእኅቶቿ ተለይታ በዱቄት ቀለም የምትታይበት ልማድ ጥሩ ፎቶ አይደለም፤ የልጅቱን መልክ መውሰድ ነው። ማስተካከያችሁን ስትጨርሱ ፊቷን ከእጇና ከአንገቷ ጋር አስተያዩ። ቀለሙ ከተለያየ መልሱት። ሶፍትዌሩ ፈተናውን ያለፈው የጥበቡን ክር ካወጣላችሁ፣ ፊቷንም በራሷ ቀለም ካስቀረላችሁ፣ ይህንኑ ማስተካከያ ወደ ቀጣዮቹ ፎቶዎች በቀላሉ ካዛወረላችሁ ነው።

ሥዕል የምትመርጡ ጀበና ሣሉ። በኤ4 መጠን፣ በ300 ክፈቱ። አንደኛው ላየር ላይ በቀጭን ብሩሽ ንድፉን፣ ሁለተኛው ላይ የጠራውን መስመር፣ ሦስተኛው ከእነሱ ሥር ወጥ ቀለሙን አድርጉ። ከዚያ የላየሩን ባዶ ክፍል ቆልፋችሁ ጥላና ብርሃን ጨምሩ፤ ሲቆለፍ ብሩሹ ከቅርጹ አይወጣም። ጀበና ጥቁር ነው ብላችሁ ጥቁር አትቀቡ፤ ቀርባችሁ ብታዩት ሆዱ ላይ የከሰሉ ቀይ፣ ትከሻው ላይ የመስኮቱ ሰማያዊ አለ። ፈተናው ያለው እዚህ ነው፦ ከቀይ ወደ ጥቁር የሚወስደው ሽግግር በብዕራችሁ ግፊት ብቻ ይወጣል ወይስ ለእያንዳንዱ ደረጃ ቀለም ለመምረጥ ትቆማላችሁ? የጀበናው አንገት ኩርባ በአንድ ስበት ይወጣል ወይስ እየተጎተተ ይሰበራል? ብሩሽ ፍለጋ ሜኑ ውስጥ ከመሣል ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ካጠፋችሁ ሶፍትዌሩን ወይም የብሩሾቹን አደራደር ቀይሩ።

ለአንዱ ሶፍትዌር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት። በየሁለት ቀኑ የሚቀያይሩ ሰዎች የሁሉንም ሜኑ ያውቃሉ፣ በአንዱም ሥራ አይጨርሱም።

9. የፋይል አያያዙን ከመጀመሪያው ቀን ያስተካክሉ

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕዎ ባትሪው የደከመ ከሆነ ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ክሪታና ፎቶሾፕ በየተወሰነ ደቂቃ በራሳቸው የማዳኛ ኮፒ ያስቀምጣሉ፤ ጊዜውን በማስተካከያው ውስጥ ወደ አምስት ደቂቃ ያሳጥሩት። ጊምፕ ግን በየጊዜው በራሱ የሚያስቀምጥበት አሠራር የለውም፤ ኮንትሮል ኤስ የእጅዎ ልማድ ይሁን።

የሥራ ፋይሉን ሁልጊዜ በሶፍትዌሩ በራሱ ዓይነት ያስቀምጡ፤ ላየሮቹ የሚተርፉት በእሱ ነው። ጄፔግ ለማስረከቢያ ብቻ ይሁን፤ ላየር አይይዝም፣ እየከፈቱ ደጋግመው ባስቀመጡት ቁጥርም ጥራቱ ይቀንሳል። ዳርክቴብል ዋናውን ራው ፋይል አይነካም፤ ያደረጉትን ማስተካከያ ከፎቶው አጠገብ በምትቀመጥ ትንሽ ፋይል ይመዘግባል። ፎቶውን ወደ ሌላ ዲስክ ሲያዛውሩ ያችን ፋይል ጥለው ከሄዱ ሥራዎ ቀረ። ያለቀ ሥራ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይሁን።

የአያትዎን የጉርድ ፎቶ ለመጠገን አስበው እስካሁን ካልጀመሩ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ስካን ያስደርጉት። ሶፍትዌሩ ነገም ይወርዳል፤ ወረቀቱ ግን በየዓመቱ እየደበዘዘ ነው።